አስፈሪ ፊልም በጆሮ ይመረጣል

አሜሪካኖች ኦክቶበር 31 ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ በእኛ ጥቅምት 21፣ የሚያከብሩት ሃሎዊን በቀረበ ቁጥር አንድ ክርክር አብሮት ይመጣል፤ ዘንድሮ የትኛውን አስፈሪ ፊልም እንይ? ጋዜጣውም መጽሔቱም የየራሱን ዝርዝር ያወጣል፣ ሲኒማ ቤቶች የቆዩ ፊልሞችን መልሰው ያሳያሉ፣ ወዳጅ ከወዳጁ ይሟገታል። የሙግቱ መስመሮች የታወቁ ናቸው። አንዱ ጥቁርና ነጭ የሆኑትን የጥንት ፊልሞች ያስቀድማል፤ ሌላው እነሱ ዛሬ ማንንም አያስፈሩም ይላል። አንዱ ደም ያልፈሰሰበትን ፊልም አስፈሪ ብሎ ለመጥራት ይቸገራል፤ ሌላው ደም ሲበዛ ይሰለቸዋል። ጋኔን ይሻላል ወይስ ቢላዋ የያዘ ሰው የሚለውም በየዓመቱ ይነሳል። እነዚህ ሁሉ ተከራካሪዎች ሳያውቁት የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ ሁሉም ፊልሙን የሚመዝኑት በሚያሳየው ነገር ነው። የእኔ ክርክር መመዘኛው ራሱ ይለወጥ የሚል ነው። በፊልም ውስጥ ፍርሃት የሚገባው በጆሮ ነው፤ ዓይን የሚደርሰው ጆሮ አስቀድሞ ከፈራ በኋላ ነው። ዘመን ተሻግረው በየዝርዝሩ የሚመለሱትን ፊልሞች ብንመረምር፣ ከጭራቃቸው ይልቅ ድምፃቸው የተለፋበት ሆኖ እናገኛቸዋለን። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምርመራው የበዓሉን ስም ከያዘው ፊልም ቢጀምር ተገቢ ነው። ጆን ካርፔንተር በ1978 ያወጣው «ሃሎዊን» የተሠራው ከ300 ሺህ ዶላር ብዙም ባልዘለለ ገንዘብ ነው። ታሪኩ በኢሊኖይ ግዛት ባለች ሃደንፊልድ በምትባል ልብ ወለድ ከተማ በኦክቶበር መጨረሻ ይፈጸማል ቢባልም፣ ቀረጻው በካሊፎርኒያ ዛፍ ሁሉ አረንጓዴ በሆነበት ወቅት ስለነበር መሬት ላይ የምናያቸው የረገፉ ቅጠሎች ቀለም ተቀብተው የተበተኑ ናቸው፤ ቀረጻው ሲያልቅ ተለቅመው ለሚቀጥለው ትዕይንት ይውላሉ። የገዳዩም ጭምብል ከሱቅ በርካሽ ተገዝቶ ነጭ ቀለም የተነፋበት ነው። ደም ከሞላ ጎደል የለም። ይህን ያህል ደሃ የሆነ ፊልም በዓለም ዙሪያ ወደ 70 ሚሊዮን ዶላር አስገብቶ ከአርባ ዓመት በላይ የሰሞኑ አውራ ሆኖ የቆየው በምንድን ነው? መልሱን ዳይሬክተሩ ራሱ ሰጥቶታል። ሙዚቃውና ድምፁ ከመጨመራቸው በፊት ፊልሙን ለአንዲት የስቱዲዮ ኃላፊ አሳይቷት ነበር፤ ሴትዮዋ ጨርሶ አልፈራችም። ካርፔንተር ያን ጊዜ ፊልሙን በሙዚቃ ለማዳን ቆርጦ ተነሳ። በፒያኖ የሚደጋገመው አጭር ዜማ በአምስት ምት የሚሄድ ነው፤ ምቱን በልጅነቱ ያስተማረው የሙዚቃ መምህር የነበረው አባቱ ነው። በሦስትና በአራት ምት የተገራ ጆሮ ይህን ዜማ ሲሰማ፣ በጨለማ ደረጃ ሲወርድ አንድ እርከን እንደጎደለበት ሰው ይሆናል። መጨረሻው ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ገዳዩ ከወደቀበት ሣር ላይ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ካሜራው የሚያሳየን ባዶ ክፍሎችን፣ ባዶ ደረጃዎችንና የቤቱን ውጭ ብቻ ነው። በእያንዳንዱ ባዶ ምስል ላይ ግን በጭምብል ውስጥ የሚተነፍስ ሰው እስትንፋስ ይሰማል። ዓይን ማንም የለም ሲል ጆሮ በየቦታው አለ ይላል፤ ተመልካቹም የሚያምነው ጆሮውን ነው።

የ«ሃሎዊን» ዋና ተዋናይት ጄሚ ሊ ከርቲስ የጃኔት ሊ ልጅ ናት፤ ጃኔት ሊ ደግሞ በ1960 በአልፍሬድ ሂችኮክ «ሳይኮ» ውስጥ ሻወር ቤት የተገደለችው ናት። ያ የግድያ ትዕይንት በሲኒማ ታሪክ እንደሱ የተተነተነ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ትንተና ግን ስለ ምስሎቹ አቆራረጥ ነው። ሂችኮክ ትዕይንቱን ያለ ሙዚቃ ሊያወጣው አስቦ ነበር። የሙዚቃ አቀናባሪው በርናርድ ኸርማን ሐሳቡን አልተቀበለም፤ የአውታር መሣሪያዎች ብቻ ለሚጫወቱበት ኦርኬስትራ ያንን የሚጮኽ ዜማ ጽፎ አሰማው፣ ሂችኮክም ሐሳቡን ለወጠ። ቢላዋው ሥጋ ሲወጋ የሚሰማው ድምፅ የተቀዳው ሐብሐብ መሰል ፍሬ በመውጋት ነው። ምስሉ ላይ ቢላዋ ቆዳ ሲበሳ በግልጽ አይታይም ማለት ይቻላል፤ የተመልካቹን ቆዳ የሚበሳው ቫዮሊኑ ነው። ሂችኮክ ትምህርቱን እንዳልረሳ በ1963 «ዘ በርድስ» ላይ አሳይቷል። እዚያ የተለመደ ማጀቢያ ሙዚቃ የለም፤ የአእዋፉን ጩኸት በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የፈጠረው ኦስካር ሳላ የተባለ ጀርመናዊ ሲሆን፣ ኸርማንም የድምፅ አማካሪ ነበር።

ከሂችኮክ ኋላ መሄድ ግን ያስፈልጋል፤ የዚህ ጥበብ እውነተኛ ትምህርት ቤት በ1940ዎቹ በአርኬኦ ስቱዲዮ የነበረች አንዲት ትንሽ ክፍል ናትና። አርኬኦ በኦርሰን ዌልስ ፊልሞች ገንዘብ ከከሰረ በኋላ፣ ፕሮዲዩሰር ቫል ሉተንን ርካሽ አስፈሪ ፊልሞች እንዲያወጣ መደበው። ሁኔታዎቹ ጥብቅ ነበሩ፤ እያንዳንዱ ፊልም ከ150 ሺህ ዶላር አይበልጥም፣ ከ75 ደቂቃ አይረዝምም፣ ርእሱን የሚሰጠው ስቱዲዮው ነው። በዚህ ገንዘብ የሚታመን ጭራቅ መሥራት አይቻልም። ሉተንና ዳይሬክተሩ ዣክ ቱርነር በ1942 በ«ካት ፒፕል» ያደረጉት ጭራቁን ወደ ድምፅ መለወጥ ነበር። አንዲት ሴት ሌሊት በመናፈሻ ዳር ብቻዋን ትሄዳለች። የጫማዋ ተረከዝ ይሰማል፤ ከኋላዋም የሌላ ሴት ተረከዝ። ከዚያ የኋለኛው እርምጃ በድንገት ይቆማል። የሚያስፈራው ይህ ዝምታ ነው፤ የምትከተላት ሴት አሁን በጫማ የምትራመድ ፍጥረት አይደለችምና። ልባችን በተንጠለጠለበት ቅጽበት የአውሬ ቁጣ የመሰለ ድምፅ ይፈነዳል፤ አውቶቡስ ፍሬን ይዞ ቆሞ ነው። የፊልም ሰዎች እስከ ዛሬ እንዲህ ያለውን ዘዴ የሚጠሩት በዚያ አውቶቡስና በሉተን ስም ነው። በዚያች ክፍል ከተማሩት አንዱ ሮበርት ዋይዝ ነበር። ዋይዝ በአርኬኦ ሥራ የጀመረው በድምፅ ማቀናበሪያ ክፍል ሲሆን፣ የመጀመሪያ የዳይሬክተርነት ሥራዎቹን ለሉተን ሠርቷል። ብዙ አንባቢ የሚያውቀው «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ»ን በ1965 ያዘጋጀ ሰው መሆኑን ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት አስቀድሞ ግን የሸርሊ ጃክሰንን የ1959 ልብ ወለድ ይዞ «ዘ ሃውንቲንግ»ን ሠራ።

በ«ዘ ሃውንቲንግ» ውስጥ መንፈስ አይታይም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድም ጊዜ አይታይም። ሁለት ሴቶች ሌሊት በአንድ ክፍል ተቃቅፈው ሳለ ከኮሪደሩ ጫፍ አንድ ነገር ግድግዳውን እየደበደበ ይመጣል፤ ምቱ ይቀርባል፣ በራቸው ላይ ይቆማል፣ ይፈልጋቸዋል፣ ይሄዳል። ሌላ ሌሊት ኤሌነር የምትባለው ሴት ከግድግዳ ጀርባ የሚያጉተመትም ወንድና የሚያለቅስ ሕፃን ትሰማለች። ካሜራው የሚያየው የግድግዳውን ጌጥ ብቻ ነው፤ ድምፁ በቀጠለ መጠን ጌጡ ፊት መምሰል ይጀምራል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የጓደኛዋን እጅ አጥብቃ ይዛለች። መብራት ሲበራ ጓደኛዋ ከክፍሉ ማዶ ናት። የማንን እጅ ይዛ ነበር? ፊልሙ አይመልስም። ይህ ፊልም በ1999 በዘመናዊ የኮምፒውተር ምስል በ80 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደገና ተሠራ፤ ሐውልቶች ይንቀሳቀሳሉ፣ ጣሪያው ፊት አውጥቶ ይጮኻል፣ የተሰወረው ሁሉ ይታያል። ፊልሙ ገንዘብ አላጣም፤ ነገር ግን ሐያሲዎች ነቀፉት፣ ዛሬ በጥቅምት ዝርዝሮች ላይ የሚጠራው የ1963ቱ ነው። ታሪክ ያዘጋጀው ፈተና ይመስል፣ በዚያው ጁላይ 1999 «ዘ ብሌር ዊች ፕሮጀክት» ለሕዝብ ወጣ። የተቀረጸው በሜሪላንድ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ በሚገኘው የሴኔካ ክሪክ ደን ሲሆን፣ የቀረጻው ወጪ በአሥር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ነበር። ሦስት ወጣቶች ድንኳን ውስጥ ተኝተው ከውጭ እንጨት ሲሰበር ይሰማሉ፤ በአንዱ ሌሊት ሕፃናት ይሰማሉ። አዘጋጆቹ የተቀዳ የሕፃናት ድምፅ በጨለማ ድንኳኑ አጠገብ ስላጫወቱት የተዋናዮቹ ድንጋጤ የምር ነው። ጠንቋይቱን ማንም አያያትም። ይህ ፊልም ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። አንድ ወር፣ ሁለት ፊልም፤ አንዱ ሁሉንም አሳየ፣ ሌላው አሰማ።

እዚህ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያ ተቃውሞ ከባድ ነው። ፍርሃት በጆሮ የሚገባ ከሆነ በ1922 ድምፅ በፊልም ላይ ሳይመጣ የወጣው የሙርናው «ኖስፌራቱ» እንዴት ያስፈራል? ደረጃ የሚወጣው የቫምፓየሩ ጥላ እስከ ዛሬ ከሲኒማ ምስሎች ሁሉ አስፈሪ ከሚባሉት አንዱ ነው። እውነት ነው። ይሁን እንጂ ድምፅ አልባ የምንላቸው ፊልሞች በዝምታ አይታዩም ነበር። በአዳራሹ ውስጥ ፒያኒስት፣ በትልልቁ ሲኒማ ቤት ደግሞ ኦርኬስትራ ይጫወት ነበር፤ «ኖስፌራቱ»ም ሃንስ ኤርድማን ያቀናበረለት ሙዚቃ ነበረው። ዛሬ ይህን ፊልም ድምፁን ዘግቶ የሚያይ ሰው ፊልሙን በግማሹ ነው የሚያየው። የ1931ዱ «ድራኩላ» ደግሞ ክርክሩን ከሌላ አቅጣጫ ያጠናክረዋል። ድምፅ አዲስ በነበረበት ዘመን የተሠራ በመሆኑ ከመክፈቻው በቀር ማጀቢያ ሙዚቃ የለውም ማለት ይቻላል፤ ቤላ ሉጎሲ ቃላቱን አንድ በአንድ እየጎተተ ሲናገር በዙሪያው ያለው ባዶነት ይሰማል። በ1990ዎቹ መጨረሻ አቀናባሪው ፊሊፕ ግላስ ለዚህ ፊልም አዲስ ሙዚቃ ጻፈለት፤ ሙዚቃው ውብ ነው፣ እኔ ግን የምመክረው ያለ እሱ እንዲታይ ነው። ያ ዝምታ ከማንኛውም ቫዮሊን በላይ ይከብዳል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዘመናችን ነው። የዛሬ አስፈሪ ፊልሞች በድምፅ ሞልተዋል፤ ጸጥ ይልና በድንገት ይጮኽብናል፣ እንዘላለን፣ ከዚያ እንረሳዋለን። ድምፅን ማክበር ይህን ርካሽ ዘዴ ማክበር አይሆንም ወይ? አይሆንም። ድንገተኛ ጩኸት ሰውነትን ያስደነግጣል፤ ድንጋጤ ደግሞ በሰከንድ ያልቃል፣ የወደቀ ትሪም ያመጣዋል። በ«ካት ፒፕል» አውቶቡሱ ያስፈራው ከእሱ በፊት የነበረው የእርምጃ ድምፅ ሐሳብ ስለተሸከመ ነው። በ2018 የወጣው «ኤ ኳየት ፕሌስ» ልዩነቱን በግልጽ ያሳያል። በዚህ ፊልም ጭራቆቹ ማየት አይችሉም፣ የሚያድኑት በሰሙት ድምፅ ነው፤ ስለዚህ ቤተሰቡ በባዶ እግሩ ይሄዳል፣ በምልክት ቋንቋ ይነጋገራል። መስማት የተሳናትን ልጅ የምትጫወተው ሚሊሰንት ሲመንድስ በእውኑም መስማት የተሳናት ናት፤ ካሜራው ወደ እሷ ሲዞር ድምፁ ሁሉ ይጠፋል፣ ከጀርባዋ ያለውን አደጋ እኛ እናያለን እሷ አትሰማም። ፊልሙ የሚያሳያቸው ጭራቆች መካከለኛ ናቸው። ምስማር ላይ ሊያርፍ የተቃረበ ባዶ እግር ግን ከእነሱ ይበልጣል፤ ምክንያቱም የምንፈራው የሚወጣውን ድምፅ ነው።

ሦስተኛውን ተቃውሞ በከፊል መቀበል አለብኝ። ዓይንን መሠረት ያደረጉ ታላላቅ አስፈሪ ፊልሞች አሉ፤ ካርፔንተር ራሱ በ1982 ያወጣው «ዘ ቲንግ» የሰውን አካል እየገነጠለ መልኩን የሚለዋውጥ ፍጥረት በሮብ ቦቲን እጅ ሥራ ያሳየናል፣ እስካሁንም አልበለጡትም። የቶቢ ሁፐር የ1974 ፊልም «ዘ ቴክሳስ ቼይንሶ ማሳከር» ግን ወደዚህ ወገን ሲቆጠር አልስማማም። ስሙ ደም ያስጠብቃል፣ ብሪታንያ ለብዙ ዓመታት ከልክላዋለች፤ በፊልሙ የሚታየው ደም ግን ትንሽ ነው። ሰው አየሁ ብሎ የሚምለው አብዛኛው ነገር በሞተር መጋዙ ጩኸት ተታሎ በልቡ የሞላው ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚጠነክረው ተቃውሞ ስለ ትርጉም ነው። አስፈሪ ፊልም የሚበልጠው ስለ ሰው ኑሮ በሚናገረው ነው፣ ድምፅ የአሠራር ጉዳይ ብቻ ነው የሚሉ አሉ። የዚህ ወገን ምርጥ ማስረጃ በ2017 የወጣው የጆርዳን ፒል «ጌት አውት» ነው፤ በአሜሪካ ጥቁር ሆኖ መኖር ምን እንደሆነ የነገረ፣ ለደራሲውም የኦስካር ሽልማት ያስገኘ ፊልም ነው። ነገር ግን ትርጉሙ በምን ወደ እኛ ደረሰ? በሻይ ስኒ ውስጥ በሚዞር ማንኪያ። የጀግናው ነጭ ፍቅረኛ እናት ማንኪያውን ስታሽከረክር እሱ አካሉን ማዘዝ ያቅተዋል፤ ጨዋ የሳሎን ድምፅ የባርነት መሣሪያ ይሆናል። የማይክል ኤብልስ መክፈቻ ዜማ ደግሞ በስዋሂሊ ነው፤ የቀደሙት አባቶች ወንድማቸውን ሲያስጠነቅቁ እሱ ግን ቋንቋውን አያውቅም። በ2020 የወጣውን የረሚ ዊክስን «ሂዝ ሃውስ» የዚህ መጽሔት አንባቢ ከሁሉም አስቀድሞ እንዲያየው እመክራለሁ። ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽተው ባሕር ላይ ልጅ ያጡ ባልና ሚስት እንግሊዝ አገር በተሰጣቸው አሮጌ ቤት ግድግዳ ውስጥ እንቅስቃሴ ይሰማሉ። ከእኛም አካባቢ በዚያው መንገድ የሄዱ፣ የሞቱና የተረፉ ብዙ ናቸው፤ ከግድግዳው የሚመጣው ድምፅ ትተውት የመጡት ነገር መሆኑን ለማወቅ ሐያሲ አያስፈልጋቸውም። በ2016 የወጣው የባባክ አንቫሪ «አንደር ዘ ሻዶው»ም እንዲሁ ነው፤ በኢራንና በኢራቅ ጦርነት ጊዜ በቴህራን አንዲት እናት የአየር ጥቃት ሳይረኑን ከጂኒው ነፋስ መለየት ያቅታታል። በእነዚህ ሦስት ፊልሞች ትርጉሙ ከድምፁ ተለይቶ የሚቆም አይደለም።

ብዙ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ የሚያነሳው ተቃውሞ ደግሞ የሃይማኖት ነው፤ በቀላሉ «ፊልም ብቻ ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ጠበል ቦታ የታመመ ሰው ሲጮኽ ሰምቶ ያደገ ተመልካች፣ በ1973 የወጣውን «ዘ ኤክሶርሲስት» እንደ ተረት አያየውም። ፊልሙ በከፊል የተቀረጸው በዋሽንግተን ጆርጅታውን ሲሆን፣ ደራሲው ዊሊያም ፒተር ብላቲ የካቶሊክ አማኝ ነበር፤ መጽሐፉንም ስለ እምነት የጻፈው አድርጎ ያይ ነበር። ከልጅቷ አፍ የሚወጣው የጋኔን ድምፅ የመርሴዲስ መካምብሪጅ ነው፤ ፊልሙ ካገኛቸው ሁለት ኦስካሮች አንዱ የድምፅ ነው። ሕሊናው የማይፈቅድለት ሰው ይህን ፊልም ሊተወው ይገባል፤ «ሳይኮ»፣ «ሃሎዊን»ና «ኤ ኳየት ፕሌስ» ጋኔን የለባቸውም። ስለ ልጆች ግን ጠንከር ያለ ነገር መባል አለበት። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወላጆች በዚያ ሰሞን ልጃቸውን «ከፈራህ ዓይንህን ሸፍን» ብለው አጠገባቸው ያስቀምጡታል። ጆሮ ክዳን የለውም። ዓይኑን የሸፈነ ልጅ ፊልሙን ከእነሱ አብልጦ እየሰማው ነው። ልጅ ያለበት ቤት ፊልሙ ልጁ ከተኛ በኋላ፣ በሩ ተዘግቶ ይታይ።

ይህን ሁሉ አስቀድሞ የተረዳ አንድ ጃፓናዊ ፊልም አለ፤ የማሳኪ ኮባያሺ የ1964 «ኳይዳን»። ከአራቱ ታሪኮች በአንዱ ሆይቺ የተባለ ዓይነ ስውር አዝማሪ ሌሊት ሌሊት ለሙታን ሠራዊት እንዲዘፍን ይጠራል። መነኮሳቱ ሊያድኑት ቅዱስ ጽሑፍ በመላ አካሉ ላይ ይጽፋሉ፤ በክታብ የሚጠበቅ ሰው ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጆሮዎቹን ግን ይረሳሉ። መንፈሱ ሲመጣ ከሆይቺ የሚታዩት ሁለት ጆሮዎች ብቻ ናቸው፤ ቆርጦ ይዟቸው ይሄዳል። የቶሩ ታኬሚትሱ ድምፅ የእንጨት ስንጠቃና ረጅም ዝምታ የሞላው ነው።

ስለዚህ የአመራረጡም የአተያዩም መንገድ ይለወጣል። በስልክ ትንሽ ድምፅ ማጉያ የታየ «ዘ ሃውንቲንግ» አልታየም። በትርጉም ፊልሞቻችን ላይ የተራኪው ድምፅ በዋናው ድምፅ ላይ ሲጫን ለፍቅርና ለድብድብ ፊልም ይጠቅም ይሆናል፤ አስፈሪ ፊልምን ግን ይገድለዋል፣ ዝምታውን ይሞላበታልና። ለዚህ ዘርፍ በጽሑፍ የሚተረጎም ብቻ ይሁን፤ ፊልም የሚያስተረጉሙ ድርጅቶችም ይህን እንዲያስቡበት እጠይቃለሁ። በደህና ማዳመጫ ወይም በደህና ስፒከር፣ በምሽት፣ ያለ ወሬ ይታይ። አንድ ፊልም ብቻ ለማየት ጊዜ ያለው ሰው የ1963ቱን «ዘ ሃውንቲንግ» ይምረጥ፤ ሁለት ለማየት የሚችል «ሂዝ ሃውስ»ን ይጨምር።